የሥነ ጥበብ ታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን የመረመረው ርእስ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ማዕረጋቸውን በፖርትሬት (የሰው መልክ በሚያሳይ ሥዕል) ውስጥ በምን ምልክት ይገልጡ እንደነበር ነው። አባላቱ ወርቅና ዘውድ ጠብቀው ስለመጡ፣ የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ ደጉ ከራስ እስከ እጅጌው ጥቁር ለብሶ ሲያገኙት ግር አላቸው። ይህ ሥዕል ከሮጊር ቫን ደር ዌይደን እጅ የወጣ ሲሆን ዋናው ጠፍቶ የደረሱን ቅጂዎቹ ናቸው። መስፍኑ ጥቁር ማዘውተሩ በ1419 እ.ኤ.አ. ከተገደለው አባቱ ሐዘን ጋር ይያያዛል፤ ሆኖም የጠለቀ ጥቁር ጨርቅ ማቅለም በዚያ ዘመን ብዙ ወጪና ሙያ የሚጠይቅ ስለነበር፣ ልብሱ የሐዘንን ያህል የሀብትም ምስክር ነበር።

በጥቁሩ ላይ ጎልቶ የሚታየው የወርቅ ለምድ ማኅበር የተባለው የባላባቶች ማኅበር ሐብል ነው። ፊሊፕ ማኅበሩን በ1430 እ.ኤ.አ. በብሩዥ ከተማ አቋቋመ፤ ሐብሉም በእሳት መጫሪያ ብረትና በባልጩት ቅርጾች ተያይዞ ከሥሩ የበግ ለምድ ይንጠለጠልበታል። አባል የሆነ ባላባት ሲሞት ሐብሉ ለማኅበሩ ይመለስ ስለነበር፣ በሥዕል ላይ ሲታይ የሚናገረው ስለ ባለጠግነት ሳይሆን የማን ታማኝ ስለመሆን ነው። የዓመቱ ምርጥ ውይይት በእኔ ግምት ይህ ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በጣሊያን ኡርቢኖ ከተማ የሚገኘውን የኡርቢኖ መስፍን የፌዴሪኮ ዳ ሞንቴፌልትሮ ሥዕል አየን። መስፍኑ የጦር ብረት ልብሱን ሳያወልቅ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል፤ አንድ ተማሪ «እንዲህ ሆኖ ማን ያነባል?» ሲል በትክክል ጠይቋል። ሠዓሊው ግን ያሰበው ምቾትን ሳይሆን፣ በቅጥር ጦር አዝማችነት የከበረው ሰው የዕውቀትም ጌታ መሆኑን በአንድ ሰሌዳ ማሳየት ነበር። በግራ እግሩ የታሰረው ጋርተር የተባለው የእንግሊዝ የክብር ኒሻን በ1474 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እ.ኤ.አ. የተሸለሙትም ይህንኑ ኒሻን መሆኑ አባላቱን አስደስቷል። በጉልበቱ አጠገብ የቆመው ሕፃን ልጁ ጉይዶባልዶ በዕንቁ ያጌጠ ልብስ ለብሶ በትረ ሥልጣን ይዟል፤ ለፌዴሪኮ የመስፍንነት ማዕረጉን ጳጳሱ በዚያው በ1474 የሰጡት ስለሆነ፣ ወራሽ መኖሩን ማሳየት ለአባቱ ከኒሻኑ ሁሉ የበለጠ አስፈላጊ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሴቶቹን ፖርትሬቶች፣ በተለይም የፌዴሪኮን ሚስት የባቲስታ ስፎርዛን ምስል፣ ጊዜ ስላጠረን በችኮላ አልፈናቸዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ከእነርሱ ይጀምራል።