ለጆንስታውን ቺፍስ ባለውለታዎች የቀረበ ምስጋና

ለጆንስታውን፣ ፔንሲልቬንያ (አሜሪካ) ነዋሪዎችና የከተማዋን የአይስ ሆኪ ቡድን ቺፍስን ላቆማችሁ ሁሉ፤

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ግሪንቪል፣ ሳውዝ ካሮላይና መሄዱን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቁስሉን አንነካካም። እኛ የአይስ ሆኪ ወዳጆች ብዕር ያነሳነው ለማመስገን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋናችን በካምብሪያ ካውንቲ ዋር ሜሞሪያል አዳራሽ በረዶውን ሲያነጥፉ ለኖሩት ባለሙያ ይድረስ። ሰዉ በየዘመኑ ቢቀያየርም ድካሙ አንድ ነውና እንደ አንድ ሰው እናመሰግንዎታለን። ተመልካች የሚያየው ጎሉን ነው፤ የእርስዎ ሥራ ግን የሚጀምረው በሲሚንቶው ውስጥ ከተቀበሩት የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ነው። ውሃው ባንዴ አይደፋም፤ በስሱ ይረጫል፣ አንዱ ሳይረጋ ሌላው አይደረብበትም። ነጩ ቀለም ይቀባል፣ መስመሮቹ ይሰመራሉ፣ በላያቸው ውሃ እየተደረበ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ የታችኛው ቅዝቃዜ ወደ ላይ አይዘልቅም፤ ገጹ ይላላል፣ ኮምፕሬሰሩም ያለ እረፍት ይሠራል። ከሳሳ ደግሞ የስኬቱ (የበረዶ መንሸራተቻ ጫማው) ስለት ቀለሙ ድረስ ይገባል።

ገጹን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት በባዶ አዳራሽ ቀላል ነው። 4 ሺህ ያህል ሰው ሲገባበት ግን አየሩ ይሞቃል፤ ስለዚህ በሩ ሳይከፈት አስቀድሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በረዶው ከላላ ፓኩ (ተጫዋቾቹ የሚመቱት ጠፍጣፋ ጎማ) ይነጥራል፣ ከመጠን በላይ ከደረቀም በስኬት ሲመታ ይፈረካከሳል። በእረፍት ሰዓት ሁሉም ወደ ቡና ሲሮጥ እርስዎ በረዶውን የሚያድሰው ማሽን፣ ዛምቦኒው ላይ ነዎት፤ ምላጩ የተጫረውን ይልጋል፣ ከኋላ 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ይፈሳል። ሙቅ የሚሆነው የላዩን በረዶ ጥቂት አቅልጦ እንዲያያዝ ነው፤ ቀዝቃዛ ቢሆን አዲሱ ንጣፍ እንደ ልጣጭ ይነሳል። የማሽኑ ምላጭ የማይደርስበት የግድግዳው ጥግ ደግሞ በረዶ እየተከመረበት ስለሚያብጥ በእጅ መላጊያ ይስተካከላል። ለዚህ ሁሉ ያጨበጨበልዎት አልነበረምና እኛ ቆመን እናጨበጭባለን። እግዚአብሔር ይስጥልን! ደግመን እግዚአብሔር ይስጥልን!

አሰልጣኝ ስቲቭ ካርልሰን፣ የኢስት ኮስት ሆኪ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1988 በ5 ቡድኖች ሲመሠረት ቺፍስን ይዘው ገብተዋልና ክብር ይገባዎታል። በ1989 ለዋንጫው ከካሮላይና ተንደርበርድስ ጋር 7 ጨዋታ ድረስ ታግሎ መሸነፍ ግን... አሁንም ስናነሳው ሆድ ይብሰናል። ዋንጫው ከዚያም በኋላ አልመጣም፤ ቡድኑ ግን በዚያች ትንሽ ከተማ ስሙን ሳይቀይር 22 የውድድር ዘመን በሊጉ ቆየ። ለእኛ ይህ ከዋንጫ አያንስም።

ፓኩን ከጨዋታ በፊት በረዶ ቤት ያሳደራችሁ (156 ግራምም ይሁን 170፣ ካልቀዘቀዘ ጎማ ነውና ይዘላል)፣ ስኬት የሳላችሁ፣ በረጅሙ መንገድ አውቶቡስ የነዳችሁ፣ ተጫዋቾችን በቤታችሁ የተቀበላችሁ፣ ትኬት የቆረጣችሁ፣ ተጫዋቾችም በሙሉ፣ ፈጣሪ ውለታችሁን ይክፈል።

ከቺፍስ በፊት፣ ከ1950 ጀምሮ እዚያው አዳራሽ የተጫወታችሁትን የጄትስ ቡድን ልጆችንም አልረሳንም። ከተማዋን ጎርፍ በመታበት በ1977 ቡድናችሁ ቢፈርስም፣ የሆኪ ፍቅሩን ባትተክሉ ኖሮ፣ ቺፍስ ሲመጣ የሚቀበለው ሕዝብ ከየት ይገኝ ነበር?

ብዙዎቻችሁን በስም አልጠራንም። ቦታ አጥሮን እንጂ ውለታችሁ ጠፍቶን አይደለምና በይቅርታ እለፉን። ከ2012 ጀምሮ በዚያው በረዶ ላይ ለሚጫወቱት የቶማሃውክስ ቡድን ወጣቶችም መልካሙን ሁሉ እንመኛለን፤ የበረዶውን ባለሙያ ሰላም በሉልን።

የአይስ ሆኪ ወዳጆች