ለጀማሪ ፈረሰኛ እርካብ ሲመረጥ

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል የሚከበርበት ጥር 23 ሲቃረብ ጋዜጦች ስለ ፈረሱ ጌጥ፣ ስለ ግላሱ ጥልፍና ስለ ጋላቢዎቹ አለባበስ በሰፊው ይጽፋሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ እስከ ዛሬ መዝለቁ ሊጻፍለት የሚገባ ነውና በዚህ ቅሬታ የለኝም። ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ወጣት እግሩን በምን ዓይነት እርካብ ላይ ማሳረፍ እንዳለበት የሚያስረዳ ጽሑፍ በጋዜጣም ሆነ በሌላ ቦታ አላጋጠመኝም። እንጅባራ ውስጥ በፈረስ መካከል ያደግሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ በዚህ ጉዳይ የማውቀውን ለአንባቢያን ባካፍል ጥቅም ይኖረዋል ብዬ አሰብሁ።

ጀማሪ እርካብ ሲገዛም ሆነ ከዘመድ ሲዋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው እግሩን አጥብቆ መያዝ አለመያዙን ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሞ መታየት ያለበት በመውደቂያው ሰዓት እግርን ቶሎ መልቀቁ ነው እላለሁ። ከፈረስ መውደቅ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ የወደቀ ሰው አቧራውን አራግፎ ይነሣል። እግሩ በእርካብ ውስጥ ተሰንቅሮ የቀረ ሰው ግን ከፈረሱ ጎን ተንጠልጥሎ ይጎተታል፤ ፈረሱም ከጎኑ የሚንጓለለው ነገር ምን እንደ ሆነ ስለማያውቅ ይበልጥ እየደነገጠ ይሮጣል። በፈረስ ግልቢያ ከሚደርሱት አደጋዎች ክፉው ይህ ነው።

የቀደሙት ፈረሰኞች ይህን ችግር በራሳቸው መንገድ ፈትተውት ነበር። በባዶ እግራቸው ስለሚጋልቡ እርካባቸው አውራ ጣትን ብቻ ወይም አውራ ጣትንና ቀጣዩን ጣት የሚያስገባ ትንሽ የብረት ቀለበት ነበር። ተረከዙና የውስጥ እግሩ ነፃ ስለሆኑ የሚወድቅ ሰው ጣቱን ማላላት ብቻ ይበቃው ነበር። ዛሬ ግን ጋላቢው ጫማ አድርጓል፤ እርካቡ ደግሞ በየቤቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ዕቃ በመሆኑ መጠኑ ከጫማው ጋር አብሮ አልተለወጠም። በበዓሉ ሰሞን ወፍራም ሶል ያለው ስኒከር ያደረገ ልጅ የጫማውን አፍንጫ በጠባብ እርካብ ውስጥ በግድ ሲወትፍ ማየት የተለመደ ነው። ገብቶ የጠበቀው ጫማ ሲወጣም እንደዚያው መታገልን ይጠይቃል፤ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ለመታገል ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ከእርካቡ በፊት ጫማው ይወሰን። ለግልቢያ የሚሆነው ሶሉ ለስለስ ያለና ብዙም ያልተቦረቦረ፣ ተረከዙ ግን ከፍ ብሎ የተለየ ጫማ ነው፤ የተረከዙ ከፍታ እግር በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ እስከ ቁርጭምጭሚት እንዳይገባ ያግደዋል። ተረከዝ አልባ ሸራም ሆነ በረባሶ ይህን ማድረግ አይችልም። ጫማው ከታወቀ በኋላ የሶሉ ሰፊ ቦታ ይለካና፣ የእርካቡ ውስጣዊ ስፋት ከዚያ ሁለት ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል እንዲበልጥ ይደረጋል፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ ጫማው ይቀረቀራል፤ በጣም ከበለጠ ደግሞ እግሩ ሙሉ በሙሉ ያልፋል። የአባቱን እርካብ የሚጠቀም ትንሽ ልጅ የሚጋለጠው ለዚህ ለሁለተኛው አደጋ ስለሆነ፣ «ሰፊ ነው፤ ምንም አይለውም» የሚለው የተለመደ ማጽናኛ ለእርሱ አይሠራም።

ኖርዌይ የሚኖር የእኅቴ ልጅ በበረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት የቴሌማርክ ስኪ መማር ሲጀምር ያጫወተኝ ነገር ከዚህ ጋር በጣም ይገጥማል። ቴሌማርክ የኖርዌይ አውራጃ ስም ሲሆን፣ የስኪው ስልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያው አካባቢ በተነሣው በሶንድሬ ኑርሄይም ስም ይታወቃል፤ የጫማው ፊት ብቻ ከስኪው ጋር ይታሰርና ተረከዙ ነፃ ይሆናል፤ ልክ እንደ ድሮው የአውራ ጣት እርካባችን። እዚያም ጀማሪው ማሰሪያውን ከጫማው ለይቶ መግዛት አይችልም፤ የቆየው የ75 ሚሊ ሜትር ማሰሪያ እንደ ዳክዬ አፍ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ ይፈልጋል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ዓይነት ደግሞ ሌላ ጫማ። ከማሰሪያዎቹም ብዙዎቹ ሰው ሲወድቅ እግሩን የማይለቁ ስለሆኑ፣ የሚለቀውን ለይቶ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው። እኛም ዘንድ ከሻጩ ጋር በዚህ ጉዳይ መነጋገር ቢለመድ ጥሩ ነበር።

ስለ እርካቡ ቁስ አጠር አድርጌ ልግለጽ። ከበድ ያለ ብረት ከቀላሉ ይሻላል፤ እግር ሲለቀው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳልና። አሁን አሁን ከፌሮ ታጥፎ የሚበየደው እርካብ ክብደቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ መርገጫው ክብ ዘንግ ስለሆነ ጫማ ያንሸራትታል፤ ብየዳውም ካልተሞረደ ጫማ ይነክሳል። ገዢው ጣቱን በውስጠኛው ጠርዝ ዙሪያ አስኪዶ መፈተሽ አለበት፤ መርገጫው ጠፍጠፍ እንዲልለት በያጁን ቢጠይቀውም የሚያስቸግር ሥራ አይደለም። በውጭ አገር አንዱ ጎኑ በላስቲክ ቀለበት የተዘጋና እግር ሲጎትተው የሚከፈት እርካብ ለጀማሪዎች ይሰጣል። እርሱን እዚህ ማግኘት ባይቻል እንኳ፣ የእርካቡን ፊት በወፍራም ቆዳ መሸፈን እግር አልፎ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ይህ ደግሞ ኮርቻ ለሚሰፉ ባለሙያዎቻችን የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። በምንም ምክንያት ግን እግርን ከእርካቡ ጋር በገመድ ወይም በጨርቅ ማሰር አይገባም። ለሕፃናት «እንዳይወድቁ» ተብሎ የሚደረግ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ መከልከል አለበት።

እርካቡ ከኮርቻው የሚንጠለጠልበትን የጠፍር ርዝመት ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። ከተጫነው ፈረስ ጎን ቆሞ የጣቶችን ጫፍ ጠፍሩ ኮርቻው ላይ በተንጠለጠለበት ቦታ ማሳረፍ፣ በሌላው እጅ ደግሞ እርካቡን በተዘረጋው ክንድ ሥር ወደ ብብት መሳብ ነው፤ መርገጫው ብብት ከደረሰ ለጀማሪ ተስማሚ ርዝመት ነው። ከተወጣ በኋላ እግርን ከእርካቡ አውጥቶ ቢለቁት መርገጫው ቁርጭምጭሚት አካባቢ መንካት አለበት። በሚጋለብበት ጊዜ መርገጫው የሚያርፈው በእግሩ ሰፊ ቦታ ላይ፣ ከጣቶቹ ኋላ ነው፤ ተረከዝም ከጣት ዝቅ ይላል። ተረከዙን ከፍ አድርጎ በጣቱ የሚቆም ጀማሪ ፈረሱ ድንገት ሲቆምበት ወደ ፊት ይወረወራል።

የሆድ ማሰሪያውም ከእርካቡ ተለይቶ አይታይም። ብዙ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፤ ባለቤቱ ጠበቀ ብሎ የተወው ማሰሪያ ጥቂት እርምጃ ከተሄደ በኋላ ይላላል። ያን ጊዜ ጀማሪው በአንድ እርካብ ላይ ክብደቱን ሲጥል ኮርቻው ወደ ፈረሱ ሆድ ይዞራል። ስለዚህ ፈረሱን ትንሽ አራምዶ እንደገና ማጥበቅና ከዚያ በኋላ መውጣት ያስፈልጋል። የእኛ አገር ኮርቻ ፊቱና ኋላው ከፍ ያለ በመሆኑ ለጀማሪ የሚመች ነው፤ የኮርቻው እንጨት የፈረሱን አከርካሪ እንዳይነካ ከፊት በኩል እጅን አስገብቶ ማረጋገጥ ብቻ ይቀራል። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ጥሩ ጋላቢንም ይጥላል።

ጉግስ የተጫወቱ አባቶች ይህን ሲያነቡ «እኛ በምን እርካብ ነበር የጋለብነው?» ማለታቸው አይቀርም። እውነት አላቸው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በፈረስ ጀርባ ላይ ያደገ ሰው ሚዛኑን በጭኑ ስለሚጠብቅ እርካብ ባይኖረውም ብዙም አይጎዳም። እኔ የምጽፈው ግን በከተማ አድጎ፣ ፈረሱን ከአጎቱ ኮርቻውን ከጎረቤት ተውሶ፣ በበዓሉ ጠዋት በሺህ ከሚቆጠሩ ፈረሰኞች መካከል ስለሚገባው ልጅ ነው። እርሱ የሚያስፈልገው ሰልፉ ከመነሣቱ በፊት ኮርቻውንና እርካቡን የሚያይለት ልምድ ያለው ሰው ነው። ማኅበሩ በመሰብሰቢያው ሜዳ ላይ ለዚህ ሥራ ጥቂት አዛውንት ፈረሰኞችን ቢመድብ፣ አዲስ ጋላቢዎችም በእነርሱ ፊት ሳያልፉ እንዳይሰለፉ ቢወስን ወጪ የለውም።

የኮርቻና የእርካብ ሠሪዎች በዚህ ላይ የሚሉት እንደሚኖራቸው እገምታለሁ፤ በተለይ ፊቱ በቆዳ የተሸፈነውን እርካብ በስንት ዋጋ ሊሠሩት እንደሚችሉ። ዝግጅት ክፍሉ ከበዓሉ በፊት ሐሳባቸውን ቢያስተናግድ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከእንጅባራ