የተፈጥሮ ክበብ ዘገባ፦ ከአመዱ ሥር ያገኘነው

ዘንድሮ የክበባችን ሥራ በአብዛኛው ከትምህርት ቤታችን ግቢ ጀርባ ባለችው ቁጥቋጦ ውስጥ አለፈ። ጥር ላይ ቆሻሻ ሲቃጠል እሳቱ አፈትልኮ ግማሿን በላት። ልጆቹ ክፉኛ አዘኑ፣ እኔም እንደነሱ። ከጎኗ ያለው መሬት ደግሞ ቀደም ብሎ ለጓሮ አትክልት ተብሎ ከነሥሩ ተመንጥሮ ነበር። «እስቲ ሁለቱን እያስተያየን እንከታተል» ተባባልን። ችካል ተከልን፣ ሲባጎ ወጠርን፣ ዓርብ ዓርብ ደብተር ይዘን ወጣን።

ለሳምንታት የጻፍነው «አመድ» የሚል ቃል ብቻ ነው። መጋቢት ላይ የጅማ ዝናብ ሲመለስ ግን ግራዋው፣ ልጆቹ ኤቢቻ የሚሉት፣ ከከሰለው ጉቶ ሥር አቆጠቆጠ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሞቶ ነበር!» ብላ ጮኸች። እሳቱ የበላው ላዩን ነው። አፈር ሙቀት ቶሎ ስለማያሳልፍ ሥሩ ተርፏል። ብሳናውና አጋሙም ተከተሉ።

የተመነጠረው ግን ጉቶም ሥርም አልቀረውም። አረም ወረሰው። እስከ ሰኔ ያየነው በጣት የሚቆጠር የብሳና ቡቃያ ነው።

ስለ ባሕር ጠረፍ ቁጥቋጦዎችም አነበብን። በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ በሚባለው ጠረፍ፣ ፊንቦስ የሚሉት ቁጥቋጦ አለ። አንዳንዱ ተክል ዘሩን እንደ እንጨት በጠነከረ ፍሬ ውስጥ ቆልፎ እሳት ይጠብቃል። ሌላው ዘር ከአፈር ውስጥ ተኝቶ ጭስ ሲሸተው ይነቃል። እኔን ከሁሉ የገረመኝ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። በባሌ ተራሮች የሚበቅለው ያው የኛው አስታ በሜዲትራኒያን ጠረፍም አለ፤ ሲቃጠል አፈር ውስጥ ካበጠው ግንዱ እንደገና ይወጣል።

እሳት ደግ ነው ማለቴ አይደለም። በዘር ብቻ የሚተካ ተክል አድጎ ዘር ሳይጥል ደግሞ ከተቃጠለ ከቦታው ይጠፋል። ይህን ለልጆቹ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ግንቦት ላይ የክትክታ ዘር ሞከርን። ግማሹን የፈላ ውኃ ውስጥ ነከር አድርገን አወጣን፣ ግማሹን እንዳለ ዘራን። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ውኃ አያስገባም፤ ሙቀት ነው የሚከፍተው። የተነከረው ቀድሞ በቀለ። ልጆቹ ለሁለት ቀን ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ችካሎቹን አልነቀልናቸውም። የጥበቃ ሠራተኛችን ክረምቱን ከብት እንዳይገባ አደራ ተቀብለዋል። መስከረም ላይ፣ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ከግራዋው እንጀምራለን።