«ዋች» እና «ዋርኒንግ» ሁለቱም «ማስጠንቀቂያ» አይደሉም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኦክላሆማ ሲቲ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ጋዜጣችሁን ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ሰሞኑን ስለዚህ አገር አየር ባወጣችሁት ዜና ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ዜናው «ለመካከለኛው ኦክላሆማ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ» ይላል። እሺ፣ የትኛው ማስጠንቀቂያ? እዚህ ሁለት ዓይነት አለ፣ «ዋች» እና «ዋርኒንግ»። አንደኛው ሲመጣ እራትህን እየበላህ ቴሌቪዥኑን በአንድ ዓይንህ ትከታተላለህ። ሁለተኛው ሲመጣ ድስቱን እሳት ላይ እንኳ ቢሆን ጥለህ ትሮጣለህ። እናንተ ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠቅልላችሁ ሰጣችሁን።

ቃል ስንጠቃ እንዳይመስላችሁ። የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

በመጣሁ በመጀመሪያው ግንቦት ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ «ቶርኔዶ ዋች» የሚል ጽሑፍ መጣ። መዝገበ ቃላት አልፈለግኩም፣ ቶርኔዶ የሚለው፣ ከደመና ወርዶ እየተሽከረከረ ያገኘውን የሚጠራርገው ነፋስ ስም፣ ብቻውን በቂ ነበር። ፍራሽ ከአልጋ አወረድን፣ የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገባን፣ ፍራሹን ከላያችን ደፋን። እኔ፣ ባለቤቴና የአራት ዓመቱ ልጃችን። አራት ሰዓት ሙሉ! ላብ በላብ ሆነን ስንወጣ ውጭው ፀሐይ ነው፣ ሰው ውሻውን እያንሸራሸረ ነው። በጣም አፈርን።

በሳምንቱ ደግሞ ስልኬ ያንን የሚያስደነግጥ ጩኸት ጮኸ። «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ይላል። ያው ነው አልኩ። አንዴ ሞኝ ሆነናል፣ ሁለተኛ አንሆንም። ባለቤቴ ቡና እየቆላች ነበር፣ እሷም አልተነሳችም። በሩ ሊሰበር እስኪደርስ ሲደበደብ ከፈትኩ። ከታች ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ምንም አላሉም፣ ልጁን ከመሬት አንስተው ደረጃውን ወረዱ። ተከትለን ወረድን። እሳቸው ቤት ኮሪደሩ ላይ ያለች የልብስ ቁምሳጥን ውስጥ አምስት ሆነን ተጠቀጠቅን፣ አምስተኛው ውሻቸው ነው። ለልጁ የብስክሌት ሄልሜት አጠለቁለት። ባለቤቴ ብረት ምጣዱን እስካሁን በእጇ እንደያዘች ያየሁት እዚያ ነው። ውጭ መጀመሪያ የበረዶው ድብደባ ነበር፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ዝምታው ከድብደባው ይብሳል። ቶርኔዶው እኛን አልነካንም፣ በሌላ በኩል አለፈ። የሽማግሌው መኪና ግን መስታወት የሚባል አልተረፈለትም።

ልዩነቱን ያስረዱኝ ያን ቀን ማታ ነው፣ የመኪናቸውን ስብርባሪ እየጠረጉ። «ዋች» ማለት አየሩ ለቶርኔዶ ተመቻችቷል፣ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፣ ብዙ ካውንቲዎችን (እንደ እኛ አገር ወረዳ ያሉትን) ይሸፍናል፣ ለሰዓታትም ይቆያል። ይህን የሚያወጣው ኖርማን ከተማ ያለው የማዕበል ትንበያ ማዕከል ነው፣ ከቤቴ በመኪና ግማሽ ሰዓት ብትነዱ ነው። «ዋርኒንግ» ግን በራዳር ታይቷል ወይም ሰው በዓይኑ አይቶታል ማለት ነው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው። ከተነገረ በኋላ አንዳንዴ አስር ደቂቃ ቢኖርህ ነው፣ አንዳንዴ እሱም የለም። በዚያች አስር ደቂቃ ውስጥ የትኛው ካውንቲ እንደምትኖር የማታውቅ ከሆነ ደግሞ መነገሩም አይጠቅምህም፤ ብዙዎቻችን ከተማችንን እንጂ ካውንቲያችንን አናውቅም።

«አውሎ ነፋስ» የሚለውም ያደናግራል። ሂውስተን ያለ ጓደኛዬ አውሎ ነፋስ ሲባል የሚያስበው ሁሪኬን ነው። ለእሱ ልክ ነው። ሁሪኬን ከባሕር ሲነሳ ቀናት ቀድሞ ይታወቃል፣ ቤንዚን ሞልተህ ከከተማ ትወጣለህ። ያንን እዚህ ያደረገ ሰው ጉድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 መጨረሻ ኤል ሪኖ የምትባለዋ ከተማ አጠገብ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቶርኔዶ ወረደ፣ እስካሁን ከተለኩት ሁሉ ሰፊው ነው። ያን ዕለት ስንቱ ሰው ቤቱን ትቶ በመኪና ልሽሽ ብሎ ወጣ፣ አውራ ጎዳናው ተጨናንቆ ቆመ። ከዚያ 11 ቀን ቀደም ብሎ ሙር የምትባል ከተማ ላይ የወረደው 24 ሰው ገድሏል፣ ሰባቱ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ እዚያ ሰፈር የሰው ልብ ያልረጋ መሆኑ አይገርምም።

የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ደግሞ ይህን አንብቡልኝ። አይ-40 እና አይ-35 የሚባሉትን አውራ ጎዳናዎች ቀን ከሌት የምትመላለሱት እናንተ ናችሁ። ድልድይ ስር ገብቶ መጠለል የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ግንቦት እዚሁ ድልድይ ስር የተጠለሉ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ነፋሱ እዚያ ጠባብ ቦታ ሲገባ ይብስበታል፣ የሚያመጣውም እንጨትና ቆርቆሮ ነው። መውጫ ካለ ወጥታችሁ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ግቡ።

ቶርኔዶ ሲመጣ ከተማው ውስጥ ስለሚጮኸው ሳይረንም ልጨምር። ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ይሞከራል፣ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ነፍሱ ትወጣለች። ሰማዩ የጠቆረ ቀን ግን ሙከራ አያደርጉም። እንደዛ ባለ ቀን ከጮኸ የምር ነው። ደግሞ የተሠራው ውጭ ላለ ሰው ነው፣ ተኝተህ ላትሰማው ትችላለህ። ሌሊት ስልክህን ድምፁን አጥፍተህ አትተኛ።

አሁን ወደ «በረዶ» ልምጣ፣ እዚህም ላይ አማርኛችን ያጥረናል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከሰማይ የሚወርደው እንደ ቴኒስ ኳስ ያለው በረዶ ነው። ታኅሣሥ ላይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው። ዝናብ ሆኖ ወርዶ መሬት ሲነካ የሚጋገረውም በረዶ ነው። ሦስተኛው ነው ክፉው። ጥጡን ማንም ይነዳበታል። የሚጋገረው ግን አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስልሃል፣ ፍሬን ስትይዝ ነው የምታውቀው። በ2020 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ሳያራግፉ መጣ። በረዶው በየቅጠሉ ላይ ተጋገረ፣ ቅርንጫፉ መሸከም አቃተው። ሌሊቱን ሙሉ ዛፍ ሲሰበር እንደ ተኩስ ነው የሚሰማው። አንዱ ይንኮሻኮሻል፣ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ሌላው ከወዲያኛው ግቢ ይመልስለታል። መብራት ለስንት ቀን እንዳልነበረን አትጠይቁኝ።

ጎረቤቴ «አየሩ ካልጣመህ ትንሽ ጠብቅ» ይላሉ፣ የዚህ አገር ሰው ቀልድ ነው። ቀልድ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ኖዋታ የምትባል ከተማ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰች፣ በሳምንቱ እዚያው 26 ዲግሪ ሞቀ። በዚያው ዓመት በጋ ኦክላሆማ ሲቲ 63 ቀን ከ38 ዲግሪ በላይ አሳለፈች። ደቡብ ላይ ያለው ባሕር እርጥብና ሙቅ አየር ይልካል፣ ምዕራብ ያለው በረሃ ደረቁን ይልካል፣ ሰሜኑ ብርዱን ይልካል፣ መሃል ላይ የሚገታቸው ተራራ የለም። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ሁሉም የሚጋጠሙት እኛ ጣሪያ ላይ ነው።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ብቻ፣ እሱም የሚያንገበግበኝ ስለሆነ ነው። የየካቲት 2021ን ብርድ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኛ ጋ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ደረሰ። ቴክሳስ መብራት ጠፍቶ ቤት በረዶ ቤት ሆነ፣ የክልሉ ጤና መሥሪያ ቤት 246 ሰው መሞቱን ቆጥሯል። ከነዚያ ውስጥ ብርዱ ሳይሆን ጭሱ የገደላቸው አሉ፣ የኛም ሰዎች ነበሩበት። ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ መሞቅ፣ መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ መሞቅ፣ ይኼ እንቅልፍ አስወስዶ የሚገድል ነገር ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፣ ሽታ የለውም። ለቡና የምናጨሰውን ከሰል ስለለመድነው አንፈራውም። እባካችሁ ይህችን በየዓመቱ ኅዳር ላይ የፊት ገጽ ላይ አውጧት፣ ከጎኗም የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ የምትባለዋን ትንሽ ዕቃ ፎቶ አድርጉ። ስሟን ያልሰማ ሰው ፎቶዋን ካየ ሱቅ ገብቶ ያገኛታል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ስልኩ የሚጮኸው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቢበዛ በስፓኒሽ። አማርኛ ብቻ ለሚያነቡ እናቶቻችንና አዲስ ለሚመጡት ያላቸው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሁለቱን ለዩልን። እኔ ያሰብኩት ለ«ዋች» «ቶርኔዶ አንዣቧል»፣ ለ«ዋርኒንግ» «ቶርኔዶ ደርሷል፣ ግቡ» ነው። የተሻለ ያለው አንባቢ ይላክ፣ እኔ ሙግት የለኝም። እስኪገኝ ድረስ ግን የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ በፊደላችን ጻፉት፣ ከማደናገር ይሻላል።

ሽማግሌው አሁንም ከታች ናቸው። ባለቤቴ ቡና ስትቆላ እየመጡ በር ያንኳኳሉ፣ «ዋች ነው ወይስ ዋርኒንግ?» ብለው።

አክባሪያችሁ፣
ከደቡብ ኦክላሆማ ሲቲ