በርህን ዘግተህ አትቀመጥ

ልጄ፣

እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። አትቆጣት፤ እኔ ነኝ ያስጨነቅኳት። ከክፍል ዶርም፣ ከዶርም ክፍል። እሑድ ሙሉ ቀን አልጋ ላይ። «የሞስኮ ሰው ፊቱ አይፈታም፣ አገሩን ጠላሁት» ብለሃታል። ለእናትህ አልነገርኳትም። ብትሰማ ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ ነች፤ ታውቃታለህ።

በርህን ዘግተህ አትቀመጥ። እዚያ ለማያውቁት ሰው ፈገግ ማለት ልማድ አይደለም። ጥላቻ አይምሰልህ። እኔም መስሎኝ ነበር።

በ1976 ስገባ ኮፍያ እንኳን አልነበረኝም። የማላውቃቸው ባቡሽካዎች፣ አሮጊቶቹ፣ መንገድ ላይ አስቁመው «ሻፕካህስ?» እያሉ ይጮሁብኛል። ጠልተውኝ ነው አልኩ። ለካ የሰፈራችን እትዬዎችም ልጅ ብርድ ላይ ሲያዩ እንዲሁ ነው የሚጮሁት።

አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ካፖርትህን በር ላይ ሳታስረክብ አትገባም። ተረካቢዋ አሮጊት ካፖርቴን ገለበጡት፤ አንገቱ ላይ ማንጠልጠያ የለውም። ሰልፈኛው ሁሉ እያየ አንባረቁብኝ። ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ በቃኝ። ሁለት ሳምንት ዶርም ዘግቼ ተቀመጥኩ። ልክ እንዳንተ።

ፈተና ሲደርስ የት ይኬዳል? ተመለስኩ። ካፖርቴን መንጭቀው ወሰዱት። ማታ ስወጣ በጥቁር ክር ማንጠልጠያ ሰፍተውበታል። እንባዬ መጣ። እሱን ሲያዩ እንደገና ጮኹብኝ።

ሩሲያኛ የለመድኩት እዚያ ባንኮኒ ላይ ነው። መምህሮቼ ሰዋስው አስተማሩኝ፤ እሳቸው ግን ክር፣ ቁልፍ፣ ውርጭ፣ ናፍቆት። ባላቸው ከጦርነቱ አልተመለሱም። እሑድ በ5 ኮፔክ ሜትሮ ይዘውኝ ይዞራሉ። የአብዮት አደባባይ ጣቢያ (ያኔ እኛም አብዮት አደባባይ ነበረን) የነሐሱን ውሻ አፍንጫ «ለፈተና ነው፣ ንካ» አሉኝ። ፑሽኪን ሐውልት ሥር ደግሞ «ዘመድህ ይኸው» ይሉኛል። ቅድመ አያቱ የኛ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ተወው። ደስታቸውን አይቼ እኔም አዎ እላለሁ።

ሰማህ? በርህን ዘግተህ አትቀመጥ።

በ1982 ስመለስ አድራሻቸውን በቁራጭ ወረቀት ጻፉልኝ። «እንደገባህ ጻፍልኝ» አሉ። እሺ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል፣ ሥራ ስፈልግ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ በ1984 የሳቸውም አገር ፈረሰ። ወረቀቱም ጠፋ። አንድ ገጽ እንኳን አልጻፍኩላቸውም። ይህን ለእናትህም ነግሬያት አላውቅም።

አሁን ስማኝ። የፓስፖርትህን ኮፒ ላክልኝ። ያልገባህን ወረቀት፣ ማንም ይሁን፣ የፈለገውን ገንዘብ ያሳይህ፣ እንዳትፈርም። በዚህ ቀልድ የለም። በርበሬው ከሚመጣ ልጅ ጋር ይደርስሃል፤ ብቻህን አትብላው። ግማሽ ኪሎ ቡናም አለበት፤ እሱ ለዶርማችሁ ጥበቃ ሴትዮ ነው። አንተ ቡና አትወድም። ስማቸውን ከነአባታቸው ጠይቅ። እዚያ ትልቅ ሰው የሚጠራው እንደኛው ከአባቱ ስም ጋር ነው። ሲጠሩ ፊታቸውን እየው።

ካፖርትህ አንገቱ ላይ ማንጠልጠያ አለው? ነገ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

አባትህ