የተቀለደበት የወንበዴዎች ሕግ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ልጅነት ዘመን ፊልሞች በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ጸሐፊው የባሕር ወንበዴ ፊልሞች ዘረፋን አሳምረው ለልጆች ያቀርባሉ ማለታቸው ስሕተት ነው ባልልም፣ የእኔ ቅሬታ ከሌላ ወገን ነው። በልጅነቴ ደጋግሜ ያየሁትን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የመጀመሪያውን «ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን» ሰሞኑን ከዘጠኝ ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ ስመለከት ያስቸገረኝ ዘረፋው ሳይሆን፣ ያን ያህል ያስናፈቀኝ ነፃነት የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ደስታዬ አለመቀነሱን አስቀድሜ ልናገር። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ የባሕር ወንበዴው ጃክ ስፓሮው፣ በምሰሶ ጫፍ ላይ ደረቱን ነፍቶ ወደ ወደቡ ሲቃረብ፣ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ጀልባ ውኃ ሞልቷት እየሰጠመች ነው፤ ምሰሶው ጨርሶ ሊሰወር ጥቂት ሲቀረው እርምጃውን እንኳ ሳያዛባ ወደ ሳንቃው ይሻገራል። ያኔ በሳቅ ፈርሼ ነበር፤ አሁንም ሳቅሁ። በገመድ ተጠፍንጎ የታሰረው ኮርሴት (ወገብና ደረት የሚያጠብቅ የሴት ልብስ) ትንፋሽ አሳጥቷት ከገደል አፋፍ ባሕር ውስጥ የወደቀችውን የአገረ ገዥውን ልጅ ኤልዛቤትን ጠልቆ የሚያወጣትም እሱ ነው፤ ኮርሴቱን በቢላ ሲቀድላት አየር ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። በልጅነቴ ይህ ትዕይንት አስደንጋጭ አደጋ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ፊልሙ ስለ ነፃነት ከሚለው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል፤ ጃክ ሰው በሌለበት ደሴት፣ እሳት ዳር ተቀምጦ መርከብ ለእሱ ነፃነት እንደሆነ የሚያስረዳበት ንግግር እንኳ አይደርስበትም።

የማልስማማው የወንበዴዎቹ ሕግ ሲነሣ ነው። ኤልዛቤት በወንበዴዎቹ እጅ ስትወድቅ፣ ሞርጋንና ባርቶሎሚው የተባሉ ወንበዴዎች ያወጡትን ሕግ ጠቅሳ ከአለቃቸው ጋር ልደራደር ትላለች፤ አለቃው ባርቦሳ ግን ሕጉ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም ብሎ ይሣለቅባታል። ጃክ ራሱ መርከቡን የተነጠቀው በእኩልነት ስም ነው። ምክትሉ የነበረው ይኸው ባርቦሳ፣ የምናገኘው ሁሉ የጋራ ከሆነ ሀብቱ ያለበትን ቦታም ልናውቅ ይገባል ብሎ ካናገረው በኋላ በዚያው ሌሊት ያምፁበታል። በፊልሙ ውስጥ እንግዲህ እኩል ድርሻ የማታለያ ዘዴ፣ ሕግም ቀልድ ነው።

በዚያ ስም የሚታወቀው እውነተኛው ወንበዴ ባርቶሎሚው ሮበርትስ ግን በሕጉ አልቀለደም። የእሱ መርከበኞች የተስማሙበት ውል እ.ኤ.አ. በ1724 ለንደን ውስጥ በታተመ መጽሐፍ ተመዝግቧል። በከባድ ጉዳይ ላይ እያንዳንዱ ሰው ድምፅ አለው፤ ትኩስ ምግብም ሆነ መጠጥ ሲገኝ መብቱ እኩል ነው። ካፒቴኑ ከምርኮው ሁለት ድርሻ ሲወስድ ተራው መርከበኛ አንድ ይደርሰዋል። እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው ከጋራው ሣጥን 800 የብር መሐለቅ ይከፈለዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል፤ መጠጣቱን የሚቀጥል ሰው ወጥቶ በመርከቡ ወለል ላይ ይጠጣል። ሙዚቀኞቹ እንኳ በሰንበት ያርፋሉ። (በገንዘብ ካርታ መጫወትም ክልክል ነው፤ ይህን ለእኅቴ ልጅ ብነግራት ወንበዴ መሆናቸውን ተጠራጠረች።)

ይህ ውል ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበረ የሚገባን መርከበኞቹ ከየት እንደመጡ ስናስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1713 የአውሮፓ መንግሥታት ጦርነት በውል ሲቋጭ ብዙ የባሕር ኃይል ሰዎች ሥራ አጥተው ነበር፤ በንግድ መርከብ የተቀጠሩትም ደመወዛቸውን በሚቆርጥና በጅራፍ በሚገርፍ አዛዥ ሥር ነበሩ። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ወንበዴ መርከብ ሲሻገር የሚያገኘው በድምፁ የሚሾመውንና የሚሽረውን ካፒቴን ነው። ነፃነቱ ከነፋሱና ከሸራው ይልቅ እዚያ ላይ ነበር።

ይህን ስል ወንበዴዎቹን ማመስገኔ አይደለም፤ የጻፉት ውል ከመርከባቸው ውጭ ላለ ሰው አይሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1722 በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ፣ በዊዳ ወደብ፣ የአንድ ባሪያ ጫኝ መርከብ አዛዥ ቤዛ አልከፍልም ሲል የሮበርትስ ሰዎች መርከቡን አቃጠሉት፤ በውስጡ 80 ያህል አፍሪካውያን ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰንሰለት ታስረው ነበር። በወሩ ሮበርትስ በውጊያ ተገደለ፤ ከተማረኩት ሰዎቹ 52ቱ በዛሬዋ ጋና በኬፕ ኮስት ሲሰቀሉ፣ አብረዋቸው የነበሩት ጥቁሮች ተመልሰው ለባርነት ተሸጡ። ፊልሙ ይህን ሁሉ ያሳየን ማለቴ አይደለም፤ እንዲያማ ቢሆን ከልጅ ጋር የሚታይ ፊልም ባልሆነ።

እንዲያሳየን የምመኘው ሌላ ነገር ነው። የጃክ አዲሶቹ መርከበኞች፣ ወደኋላ የቀረ ይቀራል በሚለው የወንበዴዎች ሕግ መሠረት፣ ያቺኑ የተነጠቃትን መርከብ ይዘው ጥለውት ይሄዳሉ። ከስቅላት አምልጦ ባሕር ውስጥ ሲገባ ግን ተመልሰው በገመድ ይስቡታል፤ ሕጉስ ብሎ ሲጠይቃቸውም የባርቦሳን ቀልድ ይደግሙለታል። የእኅቴ ልጅ እዚህ ላይ አስቁማኝ «እንመለስ ያለው ማን ነው?» አለች። ካፒቴኑ አብሯቸው የለም፤ ያዘዛቸው ሰው የለም። ወለሉ ላይ ተሰብስበው ሳይማከሩ፣ አንዱ እምቢ ሌላው እሺ ሳይል፣ ምናልባትም እጅ ሳይቆጠር አልተመለሱም። ፊልሙ ያን ምክክር ዘሎታል፤ እኔም በልጅነቴ መጉደሉን አላስተዋልሁም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ