የዌክቦርዲንግ ካምፕ ስንመርጥ ደቂቃውን እንጠይቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአሜሪካ የምንኖር ወላጆች ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው የሰመር ወራት ልጆቻችንን የት እንደምናውል ማሰብ የምንጀምረው ገና በመጋቢት ነው። እግር ኳሱም ሆነ የሒሳብ ማጠናከሪያው የለመድነው ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። አሁን 13 ዓመት የሆናት ልጄ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ዌክቦርዲንግ፣ ማለትም ሁለት እግርን በአንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ በሞተር ጀልባ ገመድ እየተጎተቱ በውሃ ላይ መንሸራተት፣ ካልተማርኩ ብላ ስትይዘኝ የማማክረው ሰው እንኳ አጣሁ። እኔ ራሴ ዋና የተማርኩት 40 ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ካምፑን የመረጥኩት በፎቶግራፉና በዋጋው ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አካባቢ የሚገኝ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ ድርጅት ለአምስት ቀን ሥልጠና ቀብድ ተቀበለኝ። ጀልባው አንድ፣ ልጆቹ ስምንት መሆናቸውን ያወቅሁት እዚያው ከደረስን በኋላ ነው። የአንድ ልጅ ተራ 10 ደቂቃ ያህል በመሆኑና ሥልጠናው በቀን ከሦስት ሰዓት ስለማይበልጥ፣ ልጄ በቀን ውሃ ላይ የምትቆየው ከ20 ደቂቃ አይበልጥም ነበር፤ የቀረውን ጊዜ ፎጣ ተከናንባ የሌሎችን መውደቅ ስትቆጥር ታሳልፈዋለች። ቅሬታዬን ባቀርብ «ተራ ነው» ተባልኩ። ዋሽተውኛል ማለት አልችልም፤ የቀኑን ብዛት እንጂ የደቂቃውን አልጠየቅሁምና።

ደቂቃው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው አነሳሱን ላየ ሰው ነው። ጀማሪው ውሃው ውስጥ ተንጋሎ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ እጁን ዘርግቶ የገመዱን እጀታ ይይዛል፤ ጀልባው ሲነሳም ቁጢጥ እንዳለ ቆይቶ ጉተታው ራሱ እስኪያነሳው መታገሥ አለበት። ልጅ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ ገመዱን ወደ ራሱ ይስባል፣ ወይ ቶሎ ልቁም ብሎ በፊቱ ይደፋል። ልጄ በመጀመሪያው ቀን 11 ጊዜ ወድቃ አንድም ጊዜ አልቆመችም፤ ማታ ክንዷ ዝሎ ሹካ መያዝ ስላቃታት እራቷን ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ይህ በመደጋገም ብቻ የሚስተካከል ስለሆነ፣ ተራው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የሚደርሰው ልጅ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል።

በሁለተኛው ዓመት ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ስልክ ደውዬ በአንድ ጀልባ ስንት ልጅ እንደሚጫን፣ ማን እንደሚነዳና ማን እንደሚያይ ጠየቅሁ። የፍሎሪዳ ሕግ ከነጂው ሌላ ተጎታቹን የሚመለከት ሰው ወይም ሰፊ የኋላ መመልከቻ መስታወት እንዲኖር ያዝዛል፤ በእኔ እምነት ግን ልጅ ለሚጎትት ጀልባ መስታወት ብቻውን አይበቃም። በአየር የማይነፋና በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የጸደቀ የመንሳፈፊያ ጃኬት መልበስም ግዴታ ነው። ለውድድር ከሚለበሱት ቀጫጭን ጃኬቶች መካከል ይህ ፈቃድ የሌላቸው ስላሉ፣ ጃኬቱን ገልብጦ በውስጥ በኩል የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ የፈራሁት አዞውን ነበር። አሠልጣኙ ግን አጥብቆ ያሳሰበኝ የአፍንጫ መቆንጠጫ እንድገዛ ነው፤ በሞቃት ሐይቅ ውስጥ በአፍንጫ ገብታ አንጎልን የምታጠቃ፣ አሜባ የምትባል በዓይን የማትታይ ተሕዋስ አለች፤ የሚያጋጥመው እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ካጋጠመ የሚተርፍ ሰው ጥቂት ነው።

ጀልባ ነዳጁም ኪራዩም ውድ በመሆኑ አቅም ለማይፈቅድለት ወላጅ ሌላ መንገድ አለ። ከሐይቅ በላይ በምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ኬብል የሚጎተቱባቸው መናፈሻዎች አሉ፤ ኦርላንዶም እንዲህ ያለ መናፈሻ አላት። በተለይ በሁለት ምሰሶ መካከል የሚመላለሰው ዓይነት ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ ልጁ ሲወድቅ ሠራተኛው ኬብሉን አቁሞ እጀታውን እዚያው ያደርስለታል። ትልቁን ሐይቅ በሚዞረው ኬብል ግን የወደቀ ሰው እስከ ዳር ዋኝቶ፣ ሰሌዳውን ተሸክሞ፣ በእግሩ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ስለዚህ ዋና ያልቻለ ልጅ መጀመሪያ መዋኛ ገንዳ ቢገባ ይሻለዋል።

በሌሎች ግዛቶች የምትኖሩ አንባቢዎች ልጆቻችሁን የላካችሁበት ካምፕ በአንድ ጀልባ ስንት ልጅ እንደሚጭንና ተራው ስንት ደቂቃ እንደሆነ በዚሁ ዓምድ ብትጽፉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔም ለመጪው ሰመር ገና አልመዘገብኩም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከቨርጂኒያ